ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ ለሚወርድ ጥልቅ መስመር የቱ ይሻላል?

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ፤ ግራ ገብቶኛል። ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ወደ አፌ ጥግ የሚወርዱት መስመሮች በጣም ጠልቀዋል። ሳልስቅም አይጠፉም። ፋውንዴሽን ስቀባ እዚያው ገብቶ ይሰነጣጠቃል፤ ማታ ላይ ሁለት ሰረዝ ሆኖ ይታያል። ሰው ሁሉ "ምነው ደከመሽ?" ይለኛል። በጣም ይከፋኛል።

ያማከርኳቸው የቆዳ ሐኪሞች ሐሳባቸው አልገጠመም። አንዷ መስመሩ ላይ ራሱ የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር፣ ማለትም ቆዳን ከስር የሚሞላ ጄል፣ እንውጋ አለችኝ። ሌላው ግን ዋናው ችግር የጉንጭሽ መክሳት ነው፣ ጉንጩ ሲሞላ መስመሩም ይቀላል ይላል። እኔን ያሳመነኝ የእሱ ነው፤ ግን ፊቴ ያበጠ እንዳይመስል እሰጋለሁ። ቦቶክስ የፈገግታን ጡንቻ ስለሚያደክም ለዚህ ቦታ ብዙም አይመከርም። ሌዘርም ጠይም ቆዳ ላይ ጥቁረት ሊተው ስለሚችል ፈራሁት።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ፊለር ደም ስር ውስጥ የመግባቱ ነገር ነው። እምብዛም ባይከሰትም ቆዳ ሊገድል፣ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ማሟሚያው መድኃኒት፣ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባለው፣ እጃቸው ላይ መኖሩን ሳላረጋግጥ አልወጋም።

ጉንጫችሁ ላይ የተወጋችሁ፣ መስመሩ እውነት ቀለለላችሁ? ስትስቁስ ፊታችሁ የራሳችሁ ይመስላል?