ሰርተፍኬቱ አለ፣ ክላየንቱ ግን እሺ አይልም

ሰላም ጓዶች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጭንቅላቴ ዞሯል። ነገሩ የአንድ ፋርማሲ የሽያጭ ፕሮግራም ነው። ዳታው ፖስትግረስ 14 (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ላይ ተቀምጧል፣ ሦስት ቅርንጫፎች በኢንተርኔት ይገቡበታል። እስካሁን ያለ ምንም ኢንክሪፕሽን (ማመስጠር) ነበር የሚሄደው (አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ)።

በኦፕንኤስኤስኤል (ሰርተፍኬት መሥሪያ ፕሮግራም) የራሴን ሲኤ (ሰርተፍኬት ፈራሚ) ሠርቼ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያሳየውን ፋይል) ፈረምኩበት። መጀመሪያ ሰርቨሩ አልነሳም ብሎ አስለቀሰኝ፤ ለካ የቁልፍ ፋይሉ ለሌላ ሰውም ክፍት ነበር፣ ፈቃዱን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚከፍተው) ሳደርገው ተነሳ። ክላየንቱ (ከቅርንጫፍ የሚገባው ፕሮግራም) ላይ ኤስኤስኤል ሞዱን፣ ማለትም ግንኙነቱ ምን ያህል እንደሚጠበቅ የሚወስነውን ሴቲንግ፣ «ሪኳየር» ስለው ይገናኛል። ግን የሲኤው ፋይል ክላየንቱ ጋ ከሌለ ይሄ መንገዱን ያመሰጥራል እንጂ ከማን ጋር እንደሚያወራ አያጣራም፣ መሃል የገባ ሰው የራሱን ሰርተፍኬት ቢያቀብለው ዝም ብሎ ይቀበላል። ፋይሉን አስገብቼ «ቬሪፋይ ፉል» (ፈራሚውንም ስሙንም የሚያጣራው) ሳደርገው ደግሞ ሰርተፍኬቱ ከሆስቱ (ከሚገቡበት ሰርቨር) ስም ጋር አይገጥምም ይለኛል። ክላየንቶቹ የሚገቡት በአይፒ (በቁጥር አድራሻ) ነው፣ ሰርተፍኬቱ ላይ የጻፍኩት የማሽኑን ስም።

አሁን አይፒውን ሰርተፍኬቱ ላይ ልጨምር ወይስ ዶሜይን ገዝቼ በስም ላስገባቸው? አይፒው ቋሚ ነው ተብያለሁ፣ ባለፈው ራውተር ሲቀየር ግን እሱም ተቀየረ። «ቬሪፋይ ሲኤ» (ስሙን ትቶ ፈራሚውን ብቻ የሚያጣራው) ላይ ብቆምስ? በዚህ ሲኤ የምፈርመው እኔ ብቻ ነኝ፣ ሌላ ሰርተፍኬትም አላወጣሁበትም።

ሰርቨሩ የሚቀበለውን ዝቅተኛ የቲኤልኤስ (የማመስጠሪያው ፕሮቶኮል) ቨርዥን 1.2 ላይ ትቼዋለሁ። 1.3 ብቻ ካልኩ አንድ ቅርንጫፍ ያለችው ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ከነአሮጌ ድራይቨሯ (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኛት ፕሮግራም) እንዳትቀር ፈራሁ። የሞከረ ካለ ይንገረኝ፣ ቅዳሜ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ነው የምቀይረው።