«ቬክተር» እና «ኮኦርዲኔት» አንድ ናቸው እንዴ?

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ትናንት ማታ 11ኛ ክፍል ያለች እህቴን ሒሳብ ሳስጠናት «ቬክተር» የሚለው ቃል ላይ ተከራከርን። እኔ ቬክተር ማለት (3, 1) ነው፣ ቁጥሮቹ ናቸው በቃ አልኳት፣ እሷ ደሞ ቁጥሮቹ ኮኦርዲኔት ናቸው ቬክተሩ ሌላ ነው ትላለች። ማናችን ነን ልክ? በአማርኛ አስረዱኝ እስቲ

— እህትህ ልክ ናት። የመንዝ ሰው ነኝና በዳገት ላስረዳህ። ከቤትህ ተነስተህ ማዶ ያለው ዛፍ ጋ ትሄዳለህ እንበል፣ ከዚህ እዚያ የሚያደርስህ አካሄድ፣ እሱ ነው ቬክተሩ። ለከተማ ሰው «ምሥራቅ 3፣ ሰሜን 1» ትለዋለህ፣ እኛ ጋ ግን ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ አግድም ነው የሚባለው፣ እና 1 ሽቅብ ማለት ምሥራቅ 1 ሰሜን 1፣ 1 አግድም ደሞ ምሥራቅ 1 ደቡብ 1 ከሆነ ያው መንገድ «2 ሽቅብ 1 አግድም» ይሆናል፣ ደምረህ እየው፣ ምሥራቁ 3 ይመጣል፣ ሰሜኑ ከ2 ላይ 1 ተቀንሶ 1 ይቀራል። ዛፉ ካለበት አልተነቃነቀም፣ ቁጥሩ ግን ከ(3, 1) ወደ (2, 1) ተቀየረ።

«ቤዚስ» የሚባለውን እኔ መሠረት እለዋለሁ፣ የመረጥካቸው አቅጣጫዎች ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው «መነሻ» ሲለው እሰማለሁ፣ እሱ በጣም ይከፋኛል፣ መነሻ ዜሮው ነጥብ ነው፣ ቤትህ። ቤትህ እዚያው እያለ መሠረቱን መቀየር ትችላለህ፣ አሁን ያደረግነውም እሱን ነው።

— ጥሩ ብለሃል። መሠረቱ ሲጻፍ ግን ቅደም ተከተሉ ይነገር፣ (2, 1) እና (1, 2) የተለያየ ቦታ ነው የሚያደርሱት። ማትሪክስና (የቁጥር ሰንጠረዡ) ትራንስፎርሜሽንም (ቬክተሮችን ወደ ሌላ ቬክተር የሚወስደው ሊኒየር ሕግ) እንደ ኮኦርዲኔትና ቬክተር ናቸው፣ ሜዳውን ወደ ራሱ የሚወስድ ትራንስፎርሜሽን ካለህ፣ መሠረት ስትቀይር ማትሪክሱ ይቀየራል ዲተርሚናንቱ (ከማትሪክሱ ቁጥሮች የሚሰላው አንድ ቁጥር) ግን አይነካም

— ማትሪክስ እኮ በላቲን ማሕፀን ማለት ነው! እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሲልቬስተር ነው በ1850 ቃሉን ለሒሳብ ያዋለው፣ ዲተርሚናንቶች ከውስጡ ስለሚወለዱ። እናትና ልጅን አትደባልቁ እባካችሁ፣ ማትሪክስ በቅንፍ ነው፣ ዲተርሚናንት በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች። ላይ 2 እና 3፣ ታች 1 እና 4 ብትጽፉ፣ በቅንፍ ከሆነ ሰንጠረዥ ነው፣ በመስመር ከሆነ ግን 2×4 ሲቀነስ 3×1፣ ማለትም 8 ሲቀነስ 3፣ አንድ ቁጥር፣ 5። ማትሪክሱን በ2 ስታበዙት አራቱም ቁጥሮች ይበዛሉ፣ ዲተርሚናንቱ ግን 10 ሳይሆን 20 ይሆናል፣ ተማሪዎቼ እዚህች ጋ ነው የሚሳሳቱት

— ተባረኩ ሁላችሁም፣ ጠዋት ስትነሳ ልክ ነሽ እላታለሁ፣ ዳገቱንም ስዬ አሳያታለሁ