ድሬ ላይ ሊጥ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም፤ ምን ይሻላል?

የሳቢያን እማወራ፦
ሰላም ለቤቱ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ ከመጣን ወዲህ እንጀራ አልሆን አለኝ። አቦካኬ የድሮው ነው፤ 2 ኪሎ ነጭ ጤፍ፣ አንድ ብርጭቆ እርሾ፣ ሦስት ቀን ጠብቄ አብሲት እጥላለሁ። እዚህ ግን ሊጡ ይሸታል፣ እንጀራው ኮምጣጣና ድፍን ነው፣ ልጆቹም አንበላም አሉ። በሁለተኛው ቀን ሞሰብ ውስጥ ይሻግታል። ጤፉ ነው፣ ውሃው ነው ወይስ አያያዜ? የምጋግረው ማታ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው።

ከዚራ፦
አቦ ጤፉን ተይው፣ ጤፉ ምንም አላደረገም። ሦስት ቀን የደጋ ቀጠሮ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ትበልጣለች። በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ይነካል፣ ሌሊቱም አይበርድም። በዚህ ሙቀት የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ይፈጥናሉ፤ አየር የሚያወጣው እርሾ ደግሞ የሚበላውን ቶሎ ጨርሶ ይደክማል። ምጣድ ላይ ሲደርስ ሊጡ ኮምጣጣ ነው፣ ዓይን የሚያወጣ አየር ግን አልቀረውም። ኮምጣጣነቱና ድፍንነቱ የአንድ ምክንያት ልጆች ናቸው።

ለ2 ኪሎ ዱቄት እርሾውን ወደ ሩብ ብርጭቆ አውርጂው። ሮቶ ፀሐይ ላይ ከሆነ ውሃው ለብ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ፍሪጅ ያደረ ውሃ ይሁን። መጀመሪያ በአንድ ሊትር ተኩል ጓሉ እስኪጠፋ አጥብቀሽ እሺው፤ ከዚያ ሌላ ሊትር ተኩል ጨምረሽ አቅጥነሽ ክደኚው። ዕቃውን ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪና እርጥብ ጨርቅ ጠቅልይበት። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ማድቤት ውስጥ አታሳድሪው፤ ቤት ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ይሻላል።

ማታ 12 ሰዓት ያቦካሽው በሙቀቱ ወራት በማግስቱ ማታ ይደርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ግማሽ ቀን ያህል ይጨምራል። ምልክቱ ይኸው ነው፦ አረፋው ወጥቶ ይከስማል፣ ሊጡ ይዘቅጣል፣ ቢጫ ውሃ ላዩ ላይ ይጠልላል። ያንን ውሃ ሳትነቀንቂ ቅጂና ድፊው፤ ከኮምጣጣው ብዙው አብሮት ይሄዳል። ለሚቀጥለው የሚሆን ሩብ ብርጭቆ ብቻ አስቀሪና ክዳን ባለው ጠርሙስ ፍሪጅ ይግባ።

አብሲቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁለት ብርጭቆ ሊጥ ከሥር ቅጂ፣ የሚፈላ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ እያማሰልሽ ጨምሪ፣ ወፍሮ ፕክ ፕክ እስኪል አታቋርጪ። ደጋ ላይ ለብ እንዳለ ይጨመራል። እዚህ ጣትሽን ስትነክሪበት ሙቀት እስከማይሰማሽ አቀዝቅዢው። ትኩሱን ከጨመርሽ እርሾው ይሞታል፤ እንጀራው ድፍን ሆኖ ምጣዱ ላይ ይጣበቃል። ከተዋሐደ በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ፊቱ በትናንሽ ጉብጉብታ ሲሸፈን መጋገር ጀምሪ። ተነስቶ ከወረደ አለፈሽ።

ገንደ ቆሬ፦
እህቴ፣ ቤኪንግ ሶዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል ብታደርጊበትስ? ኮምጣጣውን ያጠፋዋል።

ከዚራ፦
ኮምጣጣውን ያጠፋል፣ እውነት ነው። ግን አየሩን ወዲያው ስለሚለቀው ከመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች በኋላ ምንም አይተርፍም። መልኩን ያጠቁራል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። ለልጆች ብላችሁ ከሆነ ውሃውን ሁለት ጊዜ ማጥለል ይሻላል፦ ጠዋት አንዴ፣ ከአብሲት በፊት አንዴ፣ በየጊዜው በቀዝቃዛ ውሃ እየተኩ።

ምጣድ ጠጋኝ፦
በሊጡ እስማማለሁ፣ ግን ማታ እጋግራለሁ ያልሽውን ማንም አላነሳውም። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይወርዳል። 220 ቮልት የነበረው 180 ከገባ የምጣዱ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል። ምጣዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሊጡ ዓይን ከማውጣቱ በፊት ይረጋል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሞክሪው፤ ሊጡም በዚያ ሰዓት ቀዝቀዝ ብሎ ይጠብቅሻል። ዓይኑ በአንድ ወገን ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከሥር ያለው ሽቦ ነው፤ ተለጥጧል ወይም ከሸክላው ርቋል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ይጎትታል፣ ስለዚህ በቀጭን ማራዘሚያ አትሰኪው። ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ ሽቦ፣ ከተቻለ የራሱ መስመር ይኑረው። ሶኬቱ ከጋለ ወዲያው ንቀይው።

ጀጎል፦
ከሐረር ነኝ። እኛ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን የከዚራ ሰዓት እዚህ አይሠራም፤ የሐረር ሰው ካነበበው ሌላ ግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይጨምርበት።

ሻጋታውን ልመልስ። ትኩሱን በትኩስ ላይ ከደራረብሽ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ መሐል ይቀራል፣ ሻጋታው የሚነሳውም ከዚያ ነው። እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ አውጥተሽ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ጠብቂና ከዚያ ደርቢ። በፌስታል ትኩሱን መጠቅለል ክልክል ነው። ሞሰቡ አንዴ ከሻገተ ስፌቱ ውስጥ ይቀራልና ፍርፋሪውን አራግፈሽ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ገልብጪው፤ ፀሐይ ለድሬ ሰው አይቸግርም። ከሁለት ቀን በላይ የሚቆየውን ደግሞ ሲበርድ በፌስታል አሽገሽ ፍሪጅ አስገቢ።

ነጭ ማሽላ መቀላቀል ከፈለግሽ ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ማሽላ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ሲያድር ይደርቅና ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። የማሽላ ቅይጥ በዚያው ቀን የሚበላ ነው።

የሳቢያን እማወራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሊጡ ደርሶ መብራት ቢጠፋስ?

ከዚራ፦
አብሲት ካልጣልሽ ችግር የለም። ውሃውን አጥልይና ቀዝቃዛ ውሃ ሙይበት፤ ሳፋውንም ቀይሪለት። እስከ ጠዋት ይቆይልሻል። አብሲት ከገባ ግን አይጠብቅም፤ የሸክላ ምጣድና እንጨት ካለሽ በዚያ ጋግሪው፣ ከሌለሽ ፍሪጅ አስገቢውና መብራቱ እንደመጣ ቅድሚያ ስጪው። ዓይኑ ይቀንሳል፣ ግን ይበላል።