አገጬ ላይ ስለሚበቅለው ፀጉር ምክር እጠይቃለሁ

የ26 ዓመት የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ከ2 ዓመት ወዲህ በአገጬና ከእምብርቴ በታች ጥቁርና ወፍራም ፀጉር እየበቀለብኝ ሲሆን፣ የወር አበባዬም የሚመጣው በ50 ወይም በ60 ቀን አንዴ ነው። በወረንጦ ብነቅለውም በሳምንቱ ስለሚመለስ አገጬ ቆስሏል፤ በጣና ዳር ስሄድ ነፋሱ እንዳይገልጠኝ የነጠላዬን ጫፍ በእጄ እይዛለሁ። በቤተሰቤ እንዲህ ያለባት ሴት የለችም፣ መድኃኒትም አልወስድም። አልትራሳውንድ ተነሥቼ ኦቫሪሽ (የእንቁላል ማምረቻሽ) ጤናማ ነው ተብዬ ያለ ደም ምርመራ ተመለስኩ፤ ሆኖም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የወር አበባን የሚያዛባ የሆርሞን መታወክ በአልትራሳውንድ ሳይታይም ሊኖር እንደሚችል፣ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ መታወክም ተመሳሳይ ምልክት እንደሚያሳይ አንብቤያለሁ። ሁለቱን ለመለየት ቴስቶስትሮንና 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች በደም ልመረመር አስቤያለሁና፣ የወር አበባዬ እንዲህ እየዘገየ ደሙን መስጠት ያለብኝ በየትኛው ቀን ነው?