የሆጋርዝ ሥዕል ላይ ያለችው ወጌሻ አጭበርባሪ ናት?

ቤዛ፦ ትናንት አንዱ የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የሆጋርዝን የ1736 (እ.ኤ.አ.) የፌዝ ሥዕል ለጥፎ «ሠዓሊው ሦስት አጭበርባሪ መድኃኒተኞችን አጋለጠ» ብሎ ጻፈ። ሰውም አጨበጨበለት። ሥዕሉን ግማሹን ነው ያየው! ከላይ ሦስት አሉ፣ እሺ። ከታች ያሉት 12ቱስ? ዊግ ደፍተው የከዘራቸውን እጀታ የሚያሸቱት? አንዱማ ጣቱን ሽንት ውስጥ ነክሮ እየቀመሰ ነው። እነዚህ እኮ የተከበሩት ሐኪሞች ናቸው። የሥዕሉ ስም ራሱ «የቀባሪዎች ማኅበር» ነው።

ሲስተር፦ ሐኪሞቹም ተሰድበዋል፣ ይሁን። መሀል ያለችውን ግን አይተሻታል? ሳራ ማፕ ናት፣ ወጌሻዋ። የሃርለኪን ልብስ ነው ያለበሳት፣ ያንን ዥጉርጉር የቀልደኛ ልብስ። አጥንት እንደ ዱላ ጨብጣለች። ያኔ መድኃኒት ሻጭ ገበያ ላይ መድረክ ተክሎ፣ ቀልደኛ አቁሞ ነበር ሕዝብ የሚሰበስበው። መልእክቱ ግልጽ ነው። ያልተማረ እጅ አጥንት አይነካም።

የፒያሳው፦ የኛ ሰው በሞንታርቦ «ለኪንታሮት፣ ለጨጓራ፣ ለወገብ» እንደሚለው በያት። ቀልደኛው ብቻ ነበር የጎደለው። እሱም ቲክቶክ ላይ ተገኝቷል።

ቤዛ፦ «ያልተማረ እጅ»! የተማረውን እጅ ላሳይሽ? ከጎኗ ያለው፣ ከዘራው ላይ ዓይን የተሣለበት፣ ጆን ቴይለር ነው። ለንደን ቀዶ ሕክምና ተምሯል። የንጉሡ የዓይን ሐኪም ተብሏል። በ1750 የሙዚቃ ደራሲውን የባክን ዓይን ነካካው፣ ባክ በዚያው ዓመት ሞተ። ሌላውን የሙዚቃ ደራሲ ሃንደልንም ነካካው፣ አላየም። ማፕ ሙያውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። የማንን አጥንት ነው የገደለችው?

ሲስተር፦ ለቴይለር ማን ተከራከረ? ያልተማረ እጅ አልኩ እንጂ የተማረ ሁሉ ጻድቅ ነው አልወጣኝም።

ባለክራር፦ አንድ ሰው ባክንም ሃንደልንም አበላሽቶ እናንተ ስለ ወጌሻ ትጨቃጨቃላችሁ። ወይ ጉድ!

ጎበዜ፦ አያቴ ወጌሻ ነበሩ። ያ «ያልተማረ እጅ» የሰፈሩን ኳስ ተጫዋች ሁሉ ያቆመ ነው። እኔንም ጭምር።

ሲስተር፦ እኔ ደግሞ ሆስፒታል የማየውን ልንገርህ። ቀርከሃውን ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ልጁ ጣቴ ደነዘዘ ይላል። «ቻለው፣ ሊሽርህ ነው» ይሉታል። እኛ ጋ ሲመጣ እጁ ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ ያለው መቁረጥ ነው። አያትህን አልተናገርኩም።

ጎበዜ፦ ተናግረሻል።

ተማሪው፦ «ዳንኩ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሕመም ያወጣሉ የተባሉት የአሜሪካዊው የፐርኪንስ የብረት ዘንጎች በ5 ጊኒ (የዱሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ለንደን ላይ ሲቸበቸቡ ስንቱ ዳንኩ ብሏል። የፌዝ ሠዓሊው ጊልሬይ በ1801 አፍንጫ ላይ ሲደረጉ ሣለና አሾፈባቸው። ግን ከሱ በፊት፣ በ1799፣ ዶክተር ሄይጋርዝ እንጨት ብረት አስመስሎ ቀብቶ ሞክሮት ነበር። ከ5 በሽተኛ 4ቱ ተሻለን አሉ።

የፒያሳው፦ ቀጥለህ ጸበል ልትል ነው።

ተማሪው፦ አላልኩም።

የፒያሳው፦ ስለከለከልኩህ ነው።

ቤዛ፦ ተማሪው፣ የወለቀ ትከሻ ወይ ገብቷል ወይ አልገባም። በእንጨት የምታታልለው ነገር አይደለም። የዘንጉን ነገር ሥዕሉ ላይ ከላይ ላለው ለሦስተኛው፣ ለጆሹዋ ዋርድ ብታመጣው ያስኬዳል። ፊቱ ግማሹ የቀላው ሰውዬ። አንቲሞኒ የሚባል መርዛማ ማዕድን ያለበት ኪኒን ለሁሉም በሽታ ያድል ነበር።

ሲስተር፦ ገብቶም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ኤክስሬይ ሳይነሳ ማን ያውቃል?

ቤዛ፦ በ1736 ኤክስሬይ? አይ ሲስተር! ይልቅ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቢው። 12ቱን ሐኪሞች አጭበርባሪ ይላቸዋል። ቴይለርንና ዋርድን «ግማሽ ሐኪም» ይላል። ዥጉርጉሯን ደግሞ «ሙሉ ሐኪም»።

ሲስተር፦ እያፌዘባት ነዋ! የቀልደኛ ልብስ አልብሶ ሙሉ ሐኪም ሲላት ከልቡ መሰለሽ?

ቤዛ፦ እሱ ፌዝ ከሆነ 12ቱን አጭበርባሪ ያለውም ፌዝ ነው። የሚጥምሽን ብቻ የምር አታድርጊው።

ባለክራር፦ ባክን የሚያዝንለት ጠፋ ማለት ነው?

ጎበዜ፦ እኔ አሁንም ይቅርታዬን እየጠበቅኩ ነው።

ሲስተር፦ ለአያትህ ይቅርታ። ላሰሩት ቀርከሃ ግን የለም።

ጎበዜ፦ አያቴ በቀርከሃ አስረው አያውቁም፣ በሸምበቆ ነው!

ሲስተር፦ ቤዛ፣ ሰማሽ አይደል የምትከራከሪለትን ሰው?