«ዘፈን የለበሰ ማስታወቂያ»፦ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) መግቢያ ዘፈኖች ክርክር

ቀበና ማዶ፦
ጨረቃ ትናንት እዚሁ የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። «የእንግሊዝኛው የአኒሜ መግቢያ ሁሉ ዘፈን የለበሰ ማስታወቂያ ነው። እሱን ሰምቶ ያደገ ሰው ዋናውን ዘፈን አልሰማውም» ነው ያለችው። ሁሉ? እኔ የፖኬሞንን መግቢያ የሰማሁት ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በተከራየነው ካሴት ነው። አራት ልጆች አንድ ሶፋ ላይ ተደራርበን፣ ካሴቱን ወደ ኋላ እየመለስን፣ ቃል በቃል እስክንይዘው ድረስ ሰምተነዋል። በሕይወቴ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳልደናቀፍ ከጫፍ ጫፍ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ጄሰን ፔጅ ያንን ዘፈን በ1998 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሲዘፍነው ደረቱን ከፍቶ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ነው የዘፈነው። ከሁሉም የላቀ ለመሆን የሚመኝ ልጅ ድምፅ ነው። ማስታወቂያ አይደለም።

ጨረቃ፦
አላጥፈውም። የዚያ ዘፈን አዝማች ምን ይላል? «ሁሉንም መሰብሰብ አለብህ» ይላል። ይህ መፈክር በጨዋታው ካርቶን ላይ፣ በካርዱ ላይ፣ በመደብሩ መስታወት ላይ ተጽፎ የነበረ ነው። ልጅን «ሁሉንም ሰብስብ» ማለት «ሁሉንም ግዛ» ማለት ነው።

የጃፓንኛውን የ1997 ዘፈን ስማው። «እሳት ውስጥም ቢሆን፣ ውሃ ውስጥም ቢሆን» ብሎ ይጀምራል። ይህ ጃፓኖች የቆረጠ ሰውን የሚገልጹበት የታወቀ አነጋገር ነው፤ እኛም እሳት ውስጥ እገባለታለሁ እንደምንለው። ልጁ ግን እዚያ አያቆምም። ሳር ውስጥ፣ ጫካ ውስጥ፣ አፈር ውስጥ፣ ደመና ውስጥ እያለ ይቆጥራል። ትልልቆቹ የሚሉትን ሰምቶ ወደ ራሱ ጨዋታ የወሰደ ልጅ አነጋገር ነው። የምትዘፍነውም ሪካ ማትሱሞቶ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ የልጁ የሳቶሺ ድምፅ እሷው ናት። ስለዚህ የምትሰማው ልጁን ራሱን ነው። በእንግሊዝኛው የምትሰማው አንድ ጎልማሳ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ የጃፓንኛውን መጀመሪያ ለምን ዘለልሽው? «እሳት ውስጥ» ከማለቱ በፊት በጩኸት የሚወጣው ቃል «ፖኬሞን ጌቶ ዳ ዜ!» ነው። «ጌቶ» ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ቃል ነው፤ ያዝኩ፣ አገኘሁ ማለት ነው። እዚያም መፈክሩ ከዘፈኑ ቀድሞ ይጮኻል። ይህ ማስታወቂያ ካልሆነ ያኛውም አይደለም።

የእንግሊዝኛውን የጻፉት ጆን ሎፍለርና ጆን ሲግለር ናቸው። ሲግለር ዩቶፒያ በተባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረ ሰው ነው። እዚህ አሜሪካ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያ ጊታር ሲጀምር ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የምሮጠው። የሠሩትን ሰዎች ሥራ አታቃልዪ።

ድራጎን 7፦
ፖኬሞንን ተዉትና ወደ ድራጎን ቦል ዜድ እንምጣ። እዚያ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ልክ ናት። የ1989ኙ «ቻ-ላ ሄቻ-ላ» በሂሮኖቡ ካጌያማ ድምፅ የተዘፈነ ነው፤ ግጥሙ የዩኪኖጆ ሞሪ ነው። ውስጡ አንድ ስንኝ አለ፦ ጭንቅላት ባዶ ሲሆን ነው ሕልም በብዛት የሚታጨቅበት የሚል። ይህ ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ጎኩን፣ በአንድ መስመር መግለጽ ነው! ብዙ የማያስብ፣ የማይቀየም፣ ልቡ ሰፊ የሆነ ሰው። ደራሲው ታሪኩን አውቆታል።

አሁን ደግሞ የ1996ቱን የአሜሪካ መግቢያ አምጡ። ጊታርና የፕሮግራሙ ስም፣ ጊታርና የፕሮግራሙ ስም። የተመዘገበው በሹኪ ሌቪና «ኩሳ ማህቺ» በሚባል ስም ነው፤ ሁለተኛው ሃይም ሳባን የሚጠቀምበት የብዕር ስም ነው። ሳባን ለቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ሙዚቃ እያቀረበ የባለመብትነት ክፍያውን ለራሱ እያስቀረ ሀብት የሠራ ሰው ነው። የጃፓኑ ዘፈን ቢቀር ክፍያው ለጃፓኖቹ ይሄድ ነበር። ዘፈኑ የተቀየረው ልጆች አይወዱትም ተብሎ ብቻ አይደለም።

ቀበና ማዶ፦
ገንዘቡን ካነሳህ ጃፓን ያለውንም አንሳ። በዘጠናዎቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች አዲስ ነጠላ ዘፈናቸውን ይዘው ወደ አኒሜ ይመጡ ነበር። ዘፈኑ በየሳምንቱ ይሰማል፣ ሲዲው ይሸጣል። የሩሮኒ ኬንሺን የመጀመሪያ መግቢያ፣ ጁዲ ኤንድ ሜሪ የተባለው ባንድ «ሶባካሱ»፣ በ1996 የወጣ ነው። ርዕሱ «ጠቃጠቆ» ማለት ነው። ፊቷ ላይ ስላለው ጠቃጠቆና ስላለፈ ፍቅሯ የምታዜም ሴት ናት። ታሪኩስ? የሜይጂ ዘመን ሰይፈኛ! ምን ያገናኛቸዋል? ዘፈኑን እወደዋለሁ፣ አሁንም እሰማዋለሁ። ግን «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል የሚያስፈልገው ካለ እሱ ነው።

ጨረቃ፦
ለሌላ ነገር የተሠራ ዘፈንና ዘፈን ያልሆነ ነገር አንድ አይደሉም። «ሶባካሱ» ከታሪኩ ቢለይም ብቻውን የሚቆም ዘፈን ነው፤ ራስህም እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ አልክ። የ1996ቱን የድራጎን ቦል መግቢያ ከፊልሙ ውጭ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ። መኪና ውስጥ። በየሳምንቱ።

የጅዳዋ፦
ክርክሩ በሁለት ቋንቋ ብቻ መታጠሩ ያሳዝነኛል። ጅዳ ላደግነውም፣ አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ሳህን ተክላችሁ የዓረብ ጣቢያ ስታዩ ለነበራችሁትም የመጀመሪያው ዘፈን እንግሊዝኛም ጃፓንኛም አልነበረም። ስፔስቱን የተባለው የዓረብኛ የልጆች ጣቢያ ነበር። ታሪቅ አልዓረቢ ቱርጋን ዜማውን ከነግጥሙ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር፤ ራሻ ሪዝቅ ትዘፍን ነበር። ጃፓን ውስጥ ያልነበረ ዜማ ነው። ግን ስለ አገር፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ተስፋ የሚናገር፣ ለልጅ ተብሎ ያልተናቀ ዓረብኛ ነው። እናቴ ሰው ቤት ሠርታ ማታ ስትመለስ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ የሰማችው እሱን ነው። ቃሉ ሳይገባት ታለቅስ ነበር። ጨረቃ፣ እኔም «አልሰማሁትም»?

ጨረቃ፦
እህቴ፣ አንቺ የሰማሽው ሌላ ዘፈን ነው፤ እሱም ሙሉ ዘፈን ነው። የእኔ ቅሬታ በተለወጠው ላይ ሳይሆን በተናቀው ላይ ነው። ቱርጋን ለልጆቹ ግጥም ጻፈላቸው። አሜሪካኖቹ ለልጆቹ ስም ደጋገሙላቸው። ዲጂሞንን አስቢ። ኮጂ ዋዳ በ1999 «በተርፍላይ»ን ሲዘፍን ክንፉ ገና ያልጠነከረ ነገር ወደ ነፋስ ሲወጣ ትሰሚያለሽ። በ2016 ሲሞት የዓለም ሰው ያለቀሰው በዚያ ድምፅ ነው። የእንግሊዝኛው መግቢያ «ዲጂሞን» የሚለውን ስም ከመደጋገም የራቀ ምን አለው?

ጋሽ ዋሽንት፦
ልጆች፣ ፊልሞቹን ከልጆቼ ጋር ስላየሁ አንድ ነገር ልበል። የትዝታን የመጀመሪያ ግጥም ማን ያውቃል? ማንም። ዜማው አለ፣ ቅኝቱ አለ፤ እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ግጥም ይዞ ይገባበታል። ስለዚህ ቃል ተቀየረ ብሎ መቆጣት ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

ይልቅ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ቋንቋው ራሱ አይገጥምም። ጃፓንኛ እንደ እኛው ማጥበቅና ማላላት አለው። እኛ «ገና» ስናላላው ጊዜው አልደረሰም፣ ስናጠብቀው በዓሉ ነው። እነሱም «ኪቴ» ሲላላ «ና» ነው፣ ሲጠብቅ ቴምብር ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ ያቺን ጥብቀት እንደ አንድ ሙሉ ምት ይቆጥሯታል፤ ዘፈን ውስጥም የራሷን ቦታ ትይዛለች። ልጁ በዘፈኑ ርዕስ የጠቀሰውን «ሄቻ-ላ»፣ በጃፓንኛው «ሄቻራ» የሚባለውን ቃል ስሙት፤ «ቻ» ላይ ሲጠብቅ ድምፁ ቆሞ ይፈነዳል። የዘፈኑ ጉልበት እዚያ ነው። እንግሊዝኛ ያንን ማቆሚያ አያውቀውም። ተርጓሚው ወይ ይዘረጋል፣ ወይ ይጨናነቃል፣ ወይ ትቶት ሌላ ይሠራል። አሜሪካኖቹ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን መረጡ።

ጨረቃ፦
ጋሽ ዋሽንት፣ ትዝታ ባለቤት የለውም፤ የሁላችንም ነው። እነዚህ ግን ደራሲያቸው በስም የሚታወቅ ናቸው። እርስዎ የሠሩትን ዜማ ሰው ወስዶ በላዩ ሌላ ቃል ቢጭንበት ዝም ይላሉ?

ጋሽ ዋሽንት፦
ዝም አልልም፣ እውነትሽን ነው። ግን ጠይቆኝ ደህና ግጥም ካመጣ ደስ ይለኛል። የ1963ቱን አስትሮ ቦይ እይ። ጃፓን ውስጥ መታየት ሲጀምር መግቢያው ቃል አልነበረውም፤ ባዶ ዜማ ነበር። ገጣሚው ሹንታሮ ታኒካዋ የጻፈለት ግጥም የገባው እዚያው ዓመት ቆይቶ ነው። ለአሜሪካኖቹ ደግሞ ዶን ሮክዌል በእንግሊዝኛ ጻፈለት። ታዲያ የቱ ነው «ዋናው»? ሁለቱም በአንድ ዜማ ላይ የተቀመጡ እንግዶች ናቸው።

ቀበና ማዶ፦
ይህንን ነው ስፈልግ የነበረው! ስፒድ ሬሰርም እንዲሁ ነው። በ1967 ዜማው የኖቡዮሺ ኮሺቤ ሆኖ ቀረ፤ ፒተር ፈርናንዴዝ የእንግሊዝኛውን ግጥም ጻፈበት፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይም ራሱ ተናገረው። አሜሪካ ውስጥ ከስድሳዎቹ ጀምሮ ሰው በቃሉ የሚዘፍነው ነው። «ሁሉ» ያልሽው እዚህ ላይ ወደቀ።

ጨረቃ፦
ዜማው ሲቀር እንኳ ምን እንደሚጠፋ ላሳይህ። ሴለር ሙን። የጃፓንኛው 1992፣ የእንግሊዝኛው 1995፣ ዜማው አንድ ነው። ጃፓንኛው በይቅርታ ይጀምራል፦ ይቅርታ፣ የልቤን በግልጽ መናገር አልችልም፤ በሕልሜ ቢሆን ግን እናገረው ነበር ይላል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ታፍራለች፣ ትጨነቃለች፣ ለአንድ ሰው ነው የምትናገረው። እንግሊዝኛው በጨረቃ ብርሃን ክፉን የምትዋጋ፣ በቀን ፍቅርን የምታሸንፍ ጀግና እያለ ስለ እሷ ያወራል። ልጅቷ ከራሷ ዘፈን ወጣች። አፏን ዘግተው ሌላ ሰው ስለ እሷ እንዲናገር አደረጉ። «ማስታወቂያ» ስል ይህንን ነው የምለው። ማስታወቂያ ስለ ዕቃው ይናገራል እንጂ ዕቃው አይናገርም።

የጅዳዋ፦
ይህ ገባኝ። ትናንት እንዲህ ብለሽ ጽፈሽ ቢሆን ማንም አይቆጣም ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። የፖኬሞኑ እንግሊዝኛ «እኔ» ብሎ ነው የሚዘፍነው። ልጁ አፉ አልተዘጋም። በራስሽ መለኪያ ዘፈን ነው ማለት ነው። በይ «ሁሉ» የሚለውን ቃል አንሺ።

ጨረቃ፦
የፖኬሞኑን አነሳለሁ። የዋን ፒስን የ2004 የእንግሊዝኛ መግቢያ፣ ያንን ራፕ፣ በተመለከተ ግን ቃሌን አላነሳም። የጃፓንኛው መግቢያ «ዊ አር!» በሂሮሺ ኪታዳኒ ድምፅ እያለ በዚያ መተካት በደል ነው።

ድራጎን 7፦
በዚህ ላይ ማንም አይከራከርሽም። ግን ፈኒሜሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፊልሙን ከተረከበ በኋላ «ዊ አር!»ን በእንግሊዝኛ ግጥም፣ በዚያው ዜማ፣ ርዝመቱን ሳይቆርጥ አዘፍኗል። ማድረግ ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው።

ጨረቃ፦
ሰማሁት። ቃሉ ለዋናው ታማኝ ነው፣ ዘፋኙ ግን ይሮጣል። ጋሽ ዋሽንት ያሉት መጨናነቅ ነው።

ቀበና ማዶ፦
እንግዲያው በራሳችን ቋንቋ እንሞክረው። ድራጎን 7 የጠቀሰውን ስንኝ ሌሊት ስገለብጠው ነበር። «ባዶ ጭንቅላት ነው፣ ሕልም የሚሞላበት።» ስድስትና ስድስት። ቁጠሩት፦ ባ-ዶ-ጭን-ቅ-ላት-ነው። ሳልፈልገው የወል ቤት ሆኖ መጣ!

ጋሽ ዋሽንት፦
ግሩም ነው ልጄ። ሰፈር ውስጥ በማሲንቆ ቢባል ያምራል። ግን በካጌያማ ዜማ ላይ አይቀመጥልህም። የጃፓንኛውን ስንኝ ቆጥሬዋለሁ፦ «አታማ ካራፖ ኖ ሆ ጋ» ጥብቀቱንና ርዝመቱን ጨምሮ አሥራ አንድ ምት፣ «ዩሜ ፁሜኮሜሩ» ሰባት። አሥራ ስምንት። አንተ አሥራ ሁለት ይዘህ መጣህ። የቀሩትን ስድስት ምን ትሞላባቸዋለህ?

ቀበና ማዶ፦
ግማሽ ስንኝ እጨምርበታለሁ። «ሄቻራ» ማለት ምንም አይደል፣ ግድ የለም ማለት ስለሆነ፦ «ባዶ ጭንቅላት ነው፣ ሕልም የሚሞላበት፣ ግድ የለም ልቤ ሆይ።» አሥራ ስምንት ሞላ።

ጨረቃ፦
«ግድ የለም»ን እሺ፣ ከአዝማቹ አመጣኸው። «ልቤ ሆይ» የሚለውን ግን ከየት አመጣኸው? ሞሪ አልጻፈውም።

ቀበና ማዶ፦
ሦስት ምት ጎድሎኝ ነዋ! ባዶውን ልተወው?

ጨረቃ፦
አዎ፣ ባዶውን ተወው።