ጠጠር ውኃ ውስጥ ሲወድቅ በኮሪያኛ ሁለት ድምፅ ያለው ለምንድን ነው?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮሪያኛ በግሌ መማር ከጀመርሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ፊደሉ አላስቸገረኝም፤ ያቃተኝ የድምፅ ቃላቱ ነገር ነው። ትንሽ ጠጠር ውኃ ውስጥ ስትወድቅ «ፖንግዳንግ»፣ ትልቅ ነገር ሲወድቅ ደግሞ «ፑንግደንግ» ይላሉ፤ የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላቴ ግን ለሁለቱም «ስፕላሽ» ብሎ ያልፋል። የኮከብ ብልጭታ «ባንጃክ ባንጃክ» ሲሆን የመብረቅ «በንጀክ በንጀክ» ነው። አንድ በአንድ ከመሸምደድ በቀር መላ የለውም ወይስ ሕግ አለው? አማርኛችንስ ከሁለቱ ወደ የትኛው ይቀርባል?

መምህሩ፣ ከሐይቅ

እኅቴ፣ ሕግስ አለው፤ የጻፍሽውን በራሳችን ፊደል መልሰሽ ብታነቢው ራሱ ይነግርሻል። ኮሪያኛ አናባቢዎቹን በሁለት ወገን ይከፍላል፤ «ኣ» እና «ኦ» ብሩህ፣ «ኧ» እና «ኡ» ጨለማ የሚባሉ ናቸው። ብሩሆቹ ለትንሹና ለቀላሉ፣ ጨለማዎቹ ለትልቁና ለከባዱ ይውላሉ። ስለዚህ «ፖ» ወደ «ፑ»፣ «ዳ» ወደ «ደ»፣ «ባ» ወደ «በ» ሲዞር ሳብዑ ካዕብ፣ ራብዑም ግዕዝ ሆነ ማለት ነው። ቀጭን ምንጭ «ጆልጆል» እያለ ይወርዳል፤ ወፈር ሲል «ጁልጁል» ይሆናል። ነገሩ በድምፅ ብቻም አያበቃም፤ ደማቁ ቢጫ «ኖራታ»፣ የደበዘዘው ቢጫ «ኑረታ» ነው። ጥንዱን አንዴ ከያዝሽ ግማሹን ከግማሹ ታወጭዋለሽ።

ከርእሱ ትንሽ ልውጣና፣ ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 ያዘጋጁት ፊደል በ1446 ይፋ ሲሆን አብሮት የወጣው ማብራሪያ በመጨረሻው ላይ የነፋሱ ሽውታ፣ የዶሮው ጩኸትና የውሻው ጩኸት ሳይቀር በዚህ ፊደል እንደሚጻፍ ይናገራል። ለድምፅ ቃል እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ ሌላ የፊደል መግቢያ እኔ አላየሁም።

ተርጓሚው፣ ከኮምቦልቻ

መምህሩ በተናገሩት እስማማለሁ፤ ሆኖም እንግሊዝኛውን ድኻ አድርገን እንዳናየው እሰጋለሁ። ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲነካካ «ክሊንክ»፣ ከባድ ብረት ሲጋጭ «ክላንክ» ይላል፤ ብርሃን ነክ የሆኑት «ግሊተር»፣ «ግሊም»፣ «ግሎው» ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ከአፍንጫ ጋር የተያያዙት «ስኒፍ»፣ «ስኒዝ»፣ «ስኖር»ም እንደዚሁ ናቸው። ልዩነቱ እንግሊዝኛ ድምፁን ግሡ ውስጥ ቀብሮ እንደ ማንኛውም ግሥ ስለሚያረባው ተናጋሪው ራሱ ድምፅ መሆኑን መርሳቱ ነው። ኮሪያኛ ግን ቃሉን እንዳለ ከግሡ አጠገብ ያቆመዋል፤ ግሥ ማድረግ ሲፈልግም «ባንጃክ» ላይ «ገሪዳ» የሚል ቅጥያ ይጨምርለታል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኢ» ትንሹን፣ «ኣ» ትልቁን ሲይዝ በኮሪያኛ «ኣ» ራሱ የትንሹ ድምፅ ነው። አፍ ሰፋ ሲል ነገሩም ይሰፋል የሚለው ግምት እዚያ ላይ ይፈርሳል።

መምህሩ፣ ከሐይቅ

ጥሩ ቦታ ላይ ደረስን፤ የአማርኛውም መልስ እዚሁ ስለሆነ። «አለ»ና «አደረገ» የ«ገሪዳ»ን ሥራ እንደሚሠሩልን ግልጽ ነው። ከዚያ አልፎ ግን እናቴ ጦሳ ላይ ደመና ሲወርድ የምትለውን አስታውሳለሁ፤ ጨለም ሲል ከገመድ ላይ ልብስ እንድንሰበስብ፣ ጭልም ሲል ኩራዝ እንድናበራ ታዝዘን ነበር። «በሩን ከፈት አድርገው» ስትል ጭሱ የሚወጣበት ያህል ብቻ ነው፤ «ክፍት አደረገው» ካለች ግን አንድ ሰው ብርዱን ሁሉ አስገብቶባታል። «ሰበር አለ» እና «ስብር አለ»ም እንዲሁ ናቸው። ግዕዙ ለጥቂቱ፣ ሳድሱ ለሙሉው ነው፤ የተከፈተው አናባቢ ያሳንሳል፣ የተዘጋው ያበረታል። በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛ ይልቅ ወደ ኮሪያኛ የቀረብን ይመስለኛል።

ተርጓሚው፣ ከኮምቦልቻ

አንድ ነገር ግን ይታረም፤ «ከፈት» እና «ክፍት» ከግሥ ሥር የወጡ እንጂ የድምፅ ቃላት አይደሉም። «ኳ»፣ «ዷ»፣ «ፏ» ይህን ሕግ አይከተሉም። ከ«ፏ» «ፏፏቴ» ወጣ፤ ኮሪያኛም ከእንቁራሪት ድምፅ ከ«ጌጉል» «ጌጉሪ» ብሎ እንቁራሪትን ሰየመ፤ መመሳሰሉ በዚህ በኩል የጠራ ነው። አናባቢውን በተመለከተ ግን በጥንቃቄ ብንናገር ይሻላል።

ጠያቂዋ፣ ከደሴ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ሐይቅ ወርጄ ነበርና ከዳር ቆሜ አንዲት ጠጠርና አንድ የጡጫ ያህል ድንጋይ ወረወርሁ። አጠገቤ መረብ ይፈታ የነበረውን ልጅ ምን ምን እንዳሉ ብጠይቀው «ትንሿ ጠብ፣ ትልቁ ዱብ» አለኝ። አናባቢውም ተነባቢውም አብረው ተለወጡ፤ «ጠብ»ን «ጡብ» ብዬ ብቀይርለት ድንጋዩ እንደማይከብድ፣ ይልቁንም የቤት መሥሪያ እንደሚሆን ነግሮኝ ሳቀ።